የማታ ሻዬን ባለቤቴ አልወደደውም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 36 ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ባለፈው ዓመት አማቴን ስትሮክ መታቸውና ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው። ከዚያ ወዲህ እኛ ጋ ናቸው። ባለቤቴ ደግሞ የሚሠራበት ድርጅት ሠራተኛ ሲቀንስ ከሥራ ወጣ። አሁን የምንኖረው በእኔ ደሞዝ ነው። ከሥራ ስገባ አማቴን አጥባለሁ፣ እራት እሠራለሁ፣ ልጆቹን አስጠናለሁ። ሁሉም ሲተኛ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ ሻይ በቅርንፉድና በቀረፋ አፍልቼ ኩሽና ውስጥ ብቻዬን እቀመጣለሁ። ስልክ አልነካም። ሁለት ሦስት ብርጭቆ እጠጣለሁ። ቀኑን ሙሉ የምጠብቃት ሰዓት እሷ ናት። ባለቤቴ ግን "ከእኔ ጋር ከመቀመጥ ሻይሽን መረጥሽ" እያለ ያኮርፋል። አማቴ ጤነኛ ሳሉ እሁድ እሁድ ቡና አፍልተው ሁላችንንም ይሰበስቡን ነበር፤ እሱም ቀርቷል። እንቅልፌም ጠፍቷል። ሻዩን ልተወው? ራስ ወዳድ ሆኜ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ሻዩን አትተዪው። ራስ ወዳድም አይደለሽም።

ደብዳቤሽን ሳነብ "ቀኑን ሙሉ የምጠብቃት ሰዓት እሷ ናት" የሚለው ላይ ቆም አልኩ። ከንጋት ጀምሮ እስከ ማታ 4 ሰዓት ድረስ ያንቺ የምትዪው ጊዜ የለሽም ማለት ነው። ባለቤትሽ ያያት ብርጭቆዋን ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ከእሷ በፊት ያለው ቀን ነው።

መጀመሪያ ስለ ሻዩ ልንገርሽ፤ እፎይታው የምናብሽ ፈጠራ እንዳይመስልሽ። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች 75 ጤነኛ ወንዶችን ለሁለት ከፍለው ለ6 ሳምንት ተከታተሏቸው። አንደኛው ወገን ጥቁር ሻይ ሲጠጣ፣ ሌላው በጣዕሙም በካፌይኑም ሻይ የሚመስል ግን ሻይ ያልሆነ መጠጥ ይጠጣ ነበር። በመጨረሻ ሁሉንም የሚያስጨንቅ ሥራ ሰጧቸው። ሲጨነቁ ልዩነት አልነበራቸውም። የሁለቱም ወገን ልብ መምታት ጨመረ፣ የደም ግፊታቸውም ከፍ አለ። ልዩነቱ የታየው በኋላ ነው። ከ50 ደቂቃ በኋላ ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን በሻይ ጠጪዎቹ ላይ 47 በመቶ ወረደ፤ በሌሎቹ ላይ 27 በመቶ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ሴቶችም አልተካተቱበትም። ቢሆንም አንቺ ከምትነግሪኝ ጋር ይገጥማል። ሻይ ጭንቀቱ እንዳይመጣ አያደርግም። ከመጣ በኋላ ቶሎ እንድትረጋጊ ግን ያግዛል።

ከቅጠሉ በተጨማሪ የአጠጣጡ ነገርም አለ። ውሃው እስኪፈላ ትጠብቂያለሽ። ቅርንፉዱ ይሸትሻል። ብርጭቆው እጅሽን ያሞቀዋል። እፍ እያልሽ ስታበርጂው ትንፋሽሽ ረዘም ብሎ ይወጣል፤ ረዘም ያለ ትንፋሽ ደግሞ የልብ ምትን ያረጋጋል። ትኩስ ሻይ እየተቻኮሉ አይጠጣም። ቀኑን ሙሉ ስትሮጪ ለዋልሽው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። እኛ ቤት ቡና ሰው ይጠራል። ጎረቤት ይመጣል፣ አቦል ቶና እየተባለ ወሬው ይቀጥላል። ብቻውን ጀበና ጥዶ የሚቀመጥ ሰው ካየን "ምን ሆነ?" እንላለን። ሻይ ግን ብቻም ይጠጣል። አንቺም የመረጥሽው ለዚህ ይመስለኛል፤ ማንንም ማስተናገድ አይጠይቅሽም። ባለቤትሽን ያስከፋውም ይኸው ነው። እስቲ በእሱ በኩል እዪው። ሥራው ሄዷል። የእናቱ ጤንነት ሄዷል። ቤተሰቡን እሁድ እሁድ ያገናኝ የነበረው ቡናም ቀርቷል። ቀኑን ቤት ይውላል። ምናልባት አንቺ እስክትገቢ ድረስ ከአዋቂ ሰው ጋር ረዘም ያለ ጨዋታ አይኖረውም። አንቺ ግን ስትገቢ ከሁሉም ጋር ነሽ፣ ለራስሽ ስትሆኚ ደግሞ በሩ ይዘጋል። ኩርፊያው ያሳምማል፣ አባባሉም ልክ አይደለም። ከስሩ ያለው ግን "እኔንስ የሚያየኝ አለ?" የሚል ጥያቄ ይመስለኛል። ሥራ ያጣ ወንድ እኛ አገር ይህን በቀጥታ ለማለት ይከብደዋል።

ስለዚህ ሲያኮርፍ ሳይሆን ደህና በሆናችሁበት ሰዓት አናግሪው። ለምሳሌ እንዲህ በዪው፦ "ማታ ብቻዬን የምቀመጠው አንተን ሽሽት አይደለም። ቀኑን ሙሉ ስጠራ ነው የምውለው። ግማሽ ሰዓት ዝም ብዬ ካልተቀመጥኩ ለአንተም ደህና ሰው አልሆንም። ከዚያ በኋላ ግን መጥቼ አጠገብህ እቀመጣለሁ።" ያልሽውንም አድርጊው። እስካሁን ሻይሽ መጨረሻው የማይታወቅ ነበር፤ እሱም ሲጠብቅ እንቅልፍ ይወስደዋል ወይም ይናደዳል። መቼ እንደምትጨርሺ ካወቀ መጠበቁ ይቀለዋል።

ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። የቤቱን ሥራ ሳትካፈሉ የሻዩን ጉዳይ ብቻ ብትፈቱት፣ በወሩ እዚያው ትመለሳላችሁ። አማትሽን ቀን ማን እንደሚያያቸው አልጻፍሽልኝም። ባለቤትሽ ከሆነ ከባድ ሥራ እየሠራ ነውና ስሙን ጠርተሽ አመስግኚው፤ ሰው ያላየለት ድካም ቂም ይሆናል። እሱ ካልሆነ ግን ሥራ ፈላጊም ቢሆን ለእናቱ እጁን ማስገባት አለበት። ይህን ስል አላቅማማም። ወንድ ልጅ እናቱን ገላ ማጠብ ሊያሳፍረው ይችላል፣ እሳቸውም ላይፈልጉ ይችላሉ። ይህ ይገባኛል። ማጉረስ፣ መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት፣ ማገላበጥ፣ እጅና እግራቸውን ሐኪሙ እንዳሳየው ማንቀሳቀስ፣ ልጆቹን ማስጠናት ግን አያሳፍርም። ሌሎች ልጆች ወይም እህቶች ካሏቸው ቅዳሜን እንዲይዙ ይነገራቸው። ይህን መናገር ያለበት ባለቤትሽ ነው። ምራት ስትናገረው "ሰለቸቻቸው" ይባላል፤ ልጅ ሲናገረው ይሰማል።

የእሁዱን ቡናም ብትመልሱት ደስ ይለኛል። አማትሽ ባሉበት ክፍል ይሁን። ቡናውን ባለቤትሽ ይቁላ፤ አማትሽም እንደ ድሯቸው "ጨምርበት፣ አረረ" እያሉ ይዘዙት። ሰውነታቸው ባይታዘዝም በቤቱ ላይ የሚሉት ነገር ይኑራቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ። ስትሮክ የመታው ሰው መዋጥ ሊቸግረው ይችላል። ቀጭን ፈሳሽ፣ ቡናም ሻይም ውሃም፣ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ሲጠጡ የሚያስላቸው፣ የሚያንቃቸው ወይም ድምፃቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ውሃ የቀረ ይመስል የሚለወጥ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪማቸውን ጠይቁ። ሁልጊዜም ቀና ብለው ተቀምጠው ይጠጡ።

እንቅልፍሽን በተመለከተ፣ እዚህ ላይ ሻዩም እጁ አለበት። ካፌይን ከሰውነት ግማሹ እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ማታ በ4 የጠጣሽው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና አብሮሽ አለ። ሦስት ብርጭቆ ሲሆን አስቢው። ሰዓትሽን አትንኪ፣ ቅጠሉን ብቻ አውጪለት። ዝንጅብል፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ለብቻቸው አፍዪ፤ ጠጅ ሳር ካገኘሽም ጥሩ ነው። ማፍላቱም ሽታውም ሙቀቱም አልቀረብሽም። ባለ ቅጠሉን ጠዋት ወይም ከምሳ በኋላ ጠጪው።

ይህን ሁሉ አድርገሽም እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ወይም ለሁለት ሳምንት ያህል በአብዛኛው ቀን ነገር ሁሉ ካስጠላሽ፣ ካለቀስሽ፣ ምግብ ካልበላልሽ፣ ከሐኪም ጋር ተነጋገሪ። "ባልኖር ይሻላል" የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀን አትቁጠሪ፤ ያኔውኑ ለምታምኚው ሰው ንገሪና ወደ ሕክምና ሂጂ። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል ብቻ አይደለም ያለው፤ ጳውሎስና ዘውዲቱ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። ባለቤትሽም ቁጣው እየባሰ፣ ከሰው እየራቀ ወይም መጠጥ እያበዛ ከሄደ፣ ይኸው ምክር ለእሱም ነው። እንቢ ካለሽ አብረሽው እንደምትሄጂ ንገሪው።