ክዳኑን ስከፍተው አይነቃም

አንዲት ተማሪ እንዲህ ስትል ጽፋልኛለች፦ «ላፕቶፔን ዘግቼ ስመለስ አይነቃም። ስክሪኑ ጥቁር ነው፤ ፋኑ ግን ይሽከረከራል። ማብሪያውን ተጭኜ ካላጠፋሁት አይመለስም። የመመረቂያ ጽሑፌ ሁለቴ ተበላሽቶብኛል። ዊንዶውስ 10 ነው። ፎርማት ላስደርገው?»

እህቴ፣ ፎርማቱን ለጊዜው ተይው። ስክሪኑ ጨለመ ማለት ማሽኑ ሞተ ማለት አይደለም። መጀመሪያ ይሄን እንለይ።

ሲደገም ቶሎ አታጥፊው። ካፕስ ሎክን ደጋግመሽ ተጫኚ። መብራቷ ከበራችና ከጠፋች ማሽኑ ነቅቷል፤ ያልነቃው ስክሪኑ ብቻ ነው። ያኔ ዊንዶውስ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና የ«ቢ» ቁልፍን አንድ ላይ ተጫኚ። የስክሪኑን ድራይቨር (ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) እንደገና ያስነሳዋል። ምስሉ ከመጣ ከሁሉ በፊት ጽሑፍሽን ሴቭ አድርጊ። ከዚያ ይህንኑ የስክሪን (የግራፊክስ) ድራይቨር ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ፣ በትክክለኛው የሞዴል ቁጥር አውርጂ። ዊንዶውስ ራሱ ፈልጎ የሚጭነው ሁልጊዜ ከማሽኑ ጋር አይስማማም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላፕቶፕ ሲተኛ አብዛኛው ክፍሉ ይጠፋል፤ ሥራሽን ይዞ የሚቆየው ራሙ፣ ማለትም ጊዜያዊ ማስታወሻው ነው። ሲነቃ እያንዳንዱን ዕቃ የሚቀሰቅሰው የራሱ ድራይቨር ነው። አንዱ ከተቀረቀረ ሌላውም ቆሞ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ፍላሽም ሆነ የዩኤስቢ ማውስ ተሰክቶ ከሆነ ነቅለሽ ሞክሪ።

ካፕስ ሎክ ካልመለሰልሽ ማሽኑን አጥፍተሽ አስነሺና ኢቨንት ቪወር (ዊንዶውስ የሆነውን ሁሉ በቁጥር የሚመዘግብበት) ውስጥ «ሲስተም» የሚለውን ክፈቺ። ከርነል ፓወር 41 የሚል መዝገብ ታገኛለሽ። ብዙ ሰው እሱን አይቶ ይደነግጣል፤ የሚናገረው ግን ማሽኑ በአግባቡ ሳይዘጋ መጥፋቱን ብቻ ነው። ከሱ በፊት የተጻፈውን እዪ። 42 መተኛቱን፣ 107 መንቃቱን ይመዘግባሉ። በአንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ በነሱ ፋንታ 506 እና 507 ነው። 107 ካለ ዊንዶውስ መንቃት ጀምሮ መሃል ላይ ቀርቷል፤ ድራይቨሮቹን ተከታተይ። 42 ብቻ ካለ ወይ ሲተኛ ወይ ገና ሲነቃ ነው የተቀረቀረው፤ እኔ ባዮሱን (ከዊንዶውስ በፊት ማሽኑን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) እጠረጥራለሁ። ባዮስ ስታሻሽዪ ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ ቻርጀሩም ይሰካ። ባትሪሽ የደከመ ከሆነ መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት በፍጹም አትንኪው፤ መሃል ላይ ከጠፋ ማሽኑ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል።

እስከዚያው ፓወር ኦፕሽንስ ገብተሽ ክዳኑ ሲዘጋ ስሊፕ ሳይሆን ሀይበርኔት እንዲያደርግ ቀይሪው። ሥራሽን ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይጠፋል። ሲነሳ ትንሽ ይዘገያል፤ ጽሑፍሽ ግን ራሙ ላይ ተንጠልጥሎ አያድርም።