የሞተ ሕፃን ዘር ስቆጥር የከረምኩበት ስምንት ወር

እህቴ፣ «የባለቤቴ ቅድመ አያቶች እንግሊዝ አገር፣ ኖርፎክ ገጠር ውስጥ በሰው እርሻ ተቀጥረው የሚኖሩ ድሆች ነበሩ፤ ለልጆቼ የአባታቸውን ዘር ልቆጥርላቸው ብዬ በፈረንጆቹ የ1851 የሕዝብ ቆጠራ ላይ ቆምኩ» ያልሽውን አየሁ። እኔም እዚያው ነው የቆምኩት። የኔም ባል የኖርፎክ ሰው ነው። እኔ ሰባት ቤት እየቆጠርኩ ያደግኩ፣ እሱ የአያቱን አባት ስም እንኳ አያውቅም ነበር!

1. የቆጠራ ዕድሜ አትመኚ። የ1841 ቆጠራ ላይማ ከ15 ዓመት በላይ ያለው ሰው ዕድሜ በአብዛኛው ወደ ታች ተቆርጦ ነው የተጻፈው። የ38 ዓመቱ ሰው 35 ይሆናል።

2. የትውልድ ቦታን ከአንድ ቆጠራ ብቻ አትውሰጂ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። የ1851ዱ ቆጠራ «ዊልያም፣ 40 ዓመት፣ እዚሁ የተወለደ» ይላል። የአጥቢያውን የክርስትና መዝገብ አየሁ፤ በ1811 የተጠመቀ ዊልያም አለ፣ የቤተሰቡም ስም ያው ነው። እልል አልኩ። ከእሱ ተነስቼ እስከ 1690ዎቹ ወጣሁ። የዘር ሐረጉን አሳትሜ፣ ፍሬም አስገብቼ ለአማቴ በልደታቸው ሰጠሁ። ከስምንት ወር በኋላ የቀብሩን መዝገብ ሳገላብጥ ያ ዊልያም በ1814 በሦስት ዓመቱ ተቀብሯል። ከ1813 ጀምሮ የቀብር መዝገብ ዕድሜ ይጽፋል፤ መጀመሪያ እሱን አለማየቴ! የ1861ዱን ቆጠራ ብከፍተው ደግሞ የኛ ሰው የጎረቤት መንደር ተወላጅ ነው ይል ነበር።

3. ቤተ መዛግብት ስትሄጂ እርሳስ ያዢ፣ እስክሪብቶ አያስገቡም። ትዕግሥትም ያዢ። እኔን ያስተናገደኝ ሰውዬ የባሌ ቤተሰብ ነው ስለው ከላይ እስከ ታች አየኝና «የቀን ሠራተኛ ወረቀት አይተውም፣ ኢንተርኔት ላይ ሞክሪ» አለኝ። ውሸቱን ነው። በዚያ ዘመን ድሃ እርዳታ ሲጠይቅ አጥቢያው «የኛ ነህ የሌላ?» ብሎ በዳኛ ፊት ያስመረምረው ነበር። የት ተወለድክ? ዓመት ሙሉ ማን ጋ ተቀጠርክ? የሌላ አጥቢያ ከሆነ ከነልጆቹ ወደዚያው ይሸኙታል። አንዳንድ ጌቶች ዓመት እንዳይሞላ ሆን ብለው ለ51 ሳምንት ይቀጥሩ ነበር፤ ብልጠታቸው! ይሄ ሁሉ ቃል በቃል ተጽፎ ተቀምጧል። በቤተሰቡ ስም ስትፈልጊ ግን ላይመጣልሽ ይችላል። በአጥቢያው ስም ፈልጊና የአጥቢያውን የድሆች እርዳታ ያስተዳድሩ የነበሩት ሰዎች ወረቀት ያለበትን ሣጥን አስወጪ።

እኔ በሦስተኛው ቀን አገኘሁት። የ1822 ምርመራ ነው፤ ሚስት፣ አምስት ልጆች ከነዕድሜያቸው፣ መካከል ላይ «ዊልያም፣ 11»። አባትየው መጻፍ ስለማይችል ከታች መስቀል አድርጓል። ያ የቤተ መዛግብቱ ሰውዬ ቆሞ እያየ ፎቶ አነሳሁት።

የፍሬሙ ነገር? አሁንም አማቴ ሳሎን ተሰቅሏል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያሳዩታል። እስካሁን አልነገርኳቸውም።