ስፖት ሜትር ያስቸገራችሁ፣ ጥያቄያችሁን አምጡ

ከፊልም ጊዜ ጀምሮ ስፖት ሜትር፣ ማለትም ከፍሬሙ (ከሚነሳው ምስል) ትንሽ ቦታ ላይ ያለውን ብርሃን ብቻ የሚለካውን የካሜራ መለኪያ፣ እጠቀማለሁ። ብዙ ሰው አንዴ ይሞክረውና ፎቶው ሲበላሽበት "ይሄ ነገር አይሠራም" ብሎ ይተወዋል። የመጡትን ጥያቄዎች እንዳመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ በስፖት ነጭ ልብስ ሳነሳ ግራጫ ይሆናል። ጥቁር ልብስም ሳነሳ ያው ግራጫ። ካሜራዬ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ካሜራህ ደህና ነው። ሜትሩ የሚያየው ከነገሩ ላይ ነጥሮ የሚመጣውን ብርሃን ብቻ ነው፤ ነጭ አንሶላ ይሁን ጥቁር ድመት የሚያውቀው ነገር የለም። ስለዚህ ያነጣጠርክበትን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይነሳል፣ የሚሰጥህም ቁጥር ያ ነገር ግራጫ ሆኖ እንዲወጣ የሚያደርገውን ነው። ነጭ አንሶላ ፍሬሙን ሞልተህ አንሳ፣ ከዚያ ጥቁር ጨርቅ፣ ሁለቱንም በአውቶማቲክ። ጎን ለጎን ስታያቸው ብርሃናቸው አንድ ዓይነት ነው። የምሬን ነው፣ ይህን ሳትሞክር የቀረውን አታንብብ።

ጥያቄ፦ እንዲህ ከተሳሳተ ለምን እንጠቀምበታለን?

መልስ፦ አልተሳሳተም፣ አንቺ ነሽ ያልነገርሽው። ሌሎቹ አለካኮች ፍሬሙን በሙሉ ያዩና ይገምቱልሻል። ስፖት ግን ከፍሬሙ ከ1 እስከ 5 በመቶ የምትሆን ቦታ ብቻ ለክቶ ውሳኔውን ላንቺ ይተዋል። ሰው መስኮት ፊት ቆሞ ከጀርባው ብርሃን ሲመታው ፊቱ የሚጨልመው ካሜራው መስኮቱንም ስለሚቆጥር ነው። ፊቱን ብቻ ከለካሽ መስኮቱ አያገባሽም።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ስንት ስቶፕ ልጨምር፣ ስንት ልቀንስ?

መልስ፦ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። 1 ስቶፕ መጨመር ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው፣ 1 መቀነስ ደግሞ ግማሽ። የነጭ ልብስ ሽመናው እንዲታይ ከፈለግህ ከ1.5 እስከ 2 ስቶፕ ጨምር። ጥቁር ልብስ እጥፋቱ ሳይጠፋ ጥቁር እንዲሆን ወደ 2 ስቶፕ ቀንስ። አረንጓዴ ሣር ብዙ ጊዜ እንዳለ ይሄዳል። የእጅህ መዳፍ ከግራጫው በ1 ስቶፕ ገደማ ይደምቃል፣ እሱን ለክተህ 1 መጨመር ትችላለህ፤ ብቻ መዳፍህ ላይ ያረፈው ብርሃን የምታነሳው ሰው ላይ ያረፈው መሆን አለበት።

ፊትን በተመለከተ "1 ስቶፕ ጨምር" የሚል ምክር በየቦታው ታገኛለህ። እሱ ቀላ ያለ ፊትን ብቻ አስቦ የተጻፈ ነው። ጠይም ፊት እንዳለ ይሄዳል፣ በጣም ጥቁር ከሆነ 1 ስቶፕ መቀነስ ሊያስፈልግ ይችላል። በምክሩ ሄደህ ጠይሙን ሰው አመዳም አታድርገው።

ይህን ነገር ፎቶ አንሺዎቹ አንሰል አዳምስና ፍሬድ አርቸር 1940 አካባቢ የዞን ስርዓት ብለው ከ0 እስከ 10 ቁጥር ሰጥተውታል። መካከለኛው ግራጫ 5 ነው፣ በየዞኑ መካከል ያለው ልዩነት 1 ስቶፕ። እኔ ቁጥሮቹን በቃል አልያዝኩም፣ "ይሄ ከግራጫው በስንት ይደምቃል?" ብዬ መጠየቅ ይበቃኛል።

ጥያቄ፦ ሙሽራዋ ነጭ ቀሚስ፣ ሙሽራው ጥቁር ሱፍ። የትኛውን ልለካ?

መልስ፦ ሁለቱንም ለኪ። ቀሚሱ ላይ በጣም የደመቀውን፣ ግን ዳንቴሉ መታየት ያለበትን ቦታ ፈልጊ። በኤፍ 4 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) እና በአይኤስኦ 400 (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ሜትሩ ሹተር 1/500 ሰከንድ አለሽ እንበል። ሱፉ ላይ ስታነጣጥሪ ደግሞ 1/15። በመካከላቸው 5 ስቶፕ አለ ማለት ነው። ቀሚሱን ከግራጫው 2 ስቶፕ ከፍ ለማድረግ 1/125 ላይ ታነሻለሽ፣ ያኔ ሱፉ 3 ስቶፕ ዝቅ ይላል። ጨለምለም ይላል፣ ግን ሱፍ ነው፣ ይጨልም። በሮው (ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል) ካነሳሽ ሱፉን በኋላ ትንሽ ከፍ ማድረግ ይቻላል። የተቃጠለ ነጭ ግን በምንም አይመለስም። በኔጌቲቭ ፊልም ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ የምትጠብቂው ጥላውን ነው።

ጥያቄ፦ ፊት ላይ ፎከስ አድርጌ ለክቼ ሳለ ለምን ይሳሳትብኛል?

መልስ፦ የምትለካው ፊቱን ሳይሆን ግድግዳውን ሊሆን ይችላል። በአብዛኞቹ የኒኮን ዲጂታሎች የስፖቱ ቦታ ከፎከስ ነጥቡ ጋር ይሄዳል። በብዙዎቹ የካኖን ሞዴሎች ግን ፎከሱን የትም ብትወስደው ስፖቱ መሃል ላይ ይቀራል። እኔ ይህን ሳላውቅ ካሜራ ቀይሬ ግማሽ ቀን ሙሉ የሰው ፊት እያልኩ መጋረጃ ስለካ ውያለሁ። የካሜራህን መመሪያ እይ፣ 2 ደቂቃ አይፈጅም።

ጥያቄ፦ የኤክስፖዠር መቆለፊያው ወይስ ማኑዋል?

መልስ፦ ማኑዋል፣ ማለትም ሹተሩንና ኤፉን ራስህ የምትወስንበት። በመቆለፊያው፣ ማለትም የለካኸውን በሚይዝልህ ቁልፍ፣ ጣትህ ሲለቅ ልኬቱም ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ጨረቃን በስፖት ስለካ ነጭ ሳህን ትሆናለች።

መልስ፦ ሌንስሽ አጭር ነው መሰለኝ። ጨረቃዋ ከስፖቱ ክብ ካነሰች ጥቁሩ ሰማይ አብሮ ይለካል፣ ሜትሩም ጨለማ መስሎት ያበዛዋል። ሙሉ ጨረቃ ማለት ፀሐይ የመታው ድንጋይ ናት። ኤፍ 11፣ አይኤስኦ 100፣ ሹተር 1/125 አድርጊና ከዚያ ተነሺ።

ጥያቄ፦ ስሙን አምኜ አሮጌ ፔንታክስ ስፖትማቲክ ገዛሁ። ስፖቱ የታል?

መልስ፦ የለም፣ አይዞህ። በ1960 ለእይታ የቀረበው ናሙና ስፖት ነበረው። በ1964 ለገበያ የወጣው ግን የፍሬሙን በሙሉ አማካይ የሚለካ ነው፣ ስሙ ብቻ ቀረ። የአሮጌ ካሜራ ስፖት ካማረህ የ1983ቱን ኦሊምፐስ ኦኤም 4 ፈልግ፣ እስከ 8 ቦታ ለክቶ አማካያቸውን ይሰጥሃል።

ጥያቄ፦ ሚረርለስ (መስታወት የሌለው) ካሜራ ሂስቶግራሙን፣ ማለትም ከግራ ጨለማውን እስከ ቀኝ ደማቁን የሚያሳየውን ግራፍ፣ ሳላነሳ ያሳየኛል። ስፖት አሁንም ያስፈልገኛል?

መልስ፦ እውነቱን ልንገርሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግሽም፤ እኔም በየቀኑ አልነካውም። መድረክ ላይ ግን እመለስበታለሁ። ዘፋኙ ላይ አንድ መብራት በርቶ ዙሪያው ጥቁር ሲሆን ሂስቶግራሙ በሙሉ ወደ ግራ ተለጥፎ ፊቱ ይቃጠል አይቃጠል አይነግርሽም። ፊቱን እለካለሁ፣ ማኑዋል ላይ አስገባለሁ፣ መብራቱ እስኪቀየር አልነካውም።