ሁለቱም ጥቁር ናቸው፣ ሁለቱም «ናይሎን» ይባላሉ፣ የቱን ልግዛ?

ጥያቄህን አየሁት ወንድሜ። የአልሙኒየም መስኮትና በር ልታሰራ ነው፣ በፕሮፋይሉ (ክፈፉ በሚሰራበት የአልሙኒየም ዘንግ) መሀል የሚገባው ጥቁር ስትሪፕ ሁለት ዓይነት ቀርቦልሃል፣ አንዱ በጣም ርካሽ ነው፣ ሻጩ ደግሞ «ርካሹ እንደውም ሙቀት ሳያሳልፍ በመያዝ ይበልጣል» ብሎሃል።

ርካሹ ፒቪሲ (የውሃ ቱቦ የሚሰራበት ፕላስቲክ) ከሆነ ሰውየው አልዋሸህም። የፒቪሲ ሙቀት የማሳለፍ ቁጥር 0.17 አካባቢ ነው፣ የናይሎኑ 0.3፣ ቁጥሩ ሲያንስ ነው ጥሩ። ግን አልሙኒየሙ ራሱ ከ160 በላይ ነው፣ ከሱ አንጻር የሁለቱ ልዩነት ከምንም አይቆጠርም። ዋናው ነገር ስትሪፑ ሙቀት ለማገድ ብቻ አይደለም የሚገባው፣ የውስጡንና የውጪውን አልሙኒየም አንድ ላይ ይዞ የሚያቆመው እሱ ነው፣ የመስታወቱ ክብደት የንፋሱ ግፊት በሩ ጓ ብሎ በተዘጋ ቁጥር ያለው ምት ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚያርፈው።

ጉዱ የሚወጣው ፀሐይ ሲመታው ነው። 2 ሜትር ፕሮፋይል 40 ዲግሪ ተጨማሪ ሲሞቅ አልሙኒየሙ ወደ 2 ሚሊ ይረዝማል፣ ፒቪሲው ሳይያዝ ቢለቀቅ ወደ 6 ሚሊ ይሄዳል፣ ማታ ደግሞ ሁለቱም ይሰበሰባሉ፣ እንዲህ በየቀኑ ሲጎተት መያዣው ይላላል። 25 ፐርሰንት ግላስ ፋይበር (የመስታወት ክር) ያለው ፖሊአማይድ 66፣ ማለትም ትክክለኛው ናይሎን፣ ግን ከአልሙኒየሙ ጋር እኩል ነው የሚረዝመው ማለት ይቻላል። አንድ ጊዜ ደንበኛ ያመጣውን ስትሪፕ ሳልፈትሽ ገጠምኩ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ጠሩኝ፣ ሄጄ ሳይ ፀሐይ የሚመታው በር ላይ ስትሪፑ ከማዕዘኑ ወደ ውስጥ ሸሽቶ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ትቷል፣ ውሃው በዛ ነበር የሚገባው። ያንን በር በራሴ ወጪ ነው የቀየርኩት፣ ከዛ ወዲህ ሳልፈትሽ አልገጥምም።

አፈታተሹ ቀላል ነው። ከሁለቱም ቁራጭ ጠይቅ። የመዳብ ሽቦ በእሳት አግለህ ስትሪፑን ንካበትና ሽቦውን መልሰህ እሳቱ ውስጥ ክተተው፣ ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ፒቪሲ ነው። ውጪ ላይ አድርገው፣ ጭሱ ጉሮሮ ይይዛል። ናይሎን ሲቃጠል እንደተቃጠለ ፀጉር ነው የሚሸተው፣ ፕላስቲኩ ነዶ ሲያልቅ ደግሞ ነጭ የፋይበር አጽም ይቀራል፣ ምንም ካልቀረ ፋይበር የለውም ማለት ነው።

የሚያስቸግረው ከአሮጌ ናይሎን ቀልጦ የተሰራው ነው ምክንያቱም እነዚህን ፈተናዎች ያልፋል። እሱን በስለታም መጋዝ ቆርጠህ የተቆረጠውን ፊት ብርሃን ላይ እየው፣ ጥቃቅን ቀዳዳ ወይ ባዕድ ነገር ካየህበት ተወው፣ ስታጎብጠውም ቀጭ ብሎ የሚሰበር ከሆነ እንደዛው።

ቀለሙ መቼ እንደሚቀባም ጠይቅ። ስትሪፑ ከገባ በኋላ ፓውደር ኮቲንግ (በኦቨን የሚጋገር የዱቄት ቀለም) የሚሰራ ከሆነ ኦቨኑ ወደ 200 ዲግሪ ይደርሳል፣ ናይሎን 66 የሚቀልጠው 260 አካባቢ ስለሆነ ይችለዋል፣ ፒቪሲው እዛው ቅርጹን ያጣል።

ምርጥ ስትሪፕ ገዝተህም አገጣጠሙ ካልሆነ ዋጋ የለውም። ከመግባቱ በፊት ስትሪፑ የሚገባበት የአልሙኒየሙ ቦይ ጥርስ ባለው መሣሪያ መቧጠጥ አለበት፣ ከገባ በኋላ ደግሞ በሮለር ተጨቁኖ መያዝ አለበት። ከተገጣጠመው 10 ሴንቲ ያህል አስቆርጥና የአንዱን ጎን አልሙኒየም ይዘህ የሌላውን በርዝመቱ ግፋው፣ በእጅህ ከተንሸራተተ ፕሮፋይሉን አትረከብ።

የስትሪፑን ስፋት በተመለከተ ሰፋ ሲል ሙቀቱ ይበልጥ ይታገዳል፣ ግን የክፈፉና የሚከፈተው ክፍል ፕሮፋይል ተመጣጣኝ ይሁን፣ አንዱ 24 ሚሊ ሌላው 14.8 ከሆነ ሙቀቱ በጠባቡ ነው የሚያልፈው። መስታወቱም ነጠላ ከሆነ ለሰፊ ስትሪፕ ገንዘብ አታውጣ፣ መጀመሪያ ድርብ መስታወት አድርግ፣ ጠዋት ጠዋት የምታየው ላብ ብዙውን ጊዜ ነጠላው መስታወት ላይ ነው።