ሼሁን ሳልጠይቃቸው የቀረሁት

ውድ ልጆቼ፣

በቅርቡ እዚህ ደሴ ለጥያቄና መልስ ውድድር የምትዘጋጅ የጎረቤቴ ልጅ የጠቅላላ ዕውቀት ጥራዟን ይዛ መጣች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከጥራዙ እየመረጥኩ እንድጠይቃት ፈልጋ ነበር። የአገሮች ዋና ከተማ፣ ረጅሙ ወንዝ፣ የመጀመሪያው ጠፈርተኛ፣ የብረት ኬሚካላዊ ምልክት፤ አንዱንም አልሳተችም። ጥራዙን ስዘጋው ግን «ጋሼ፣ ይህ ሁሉ እኮ ስልኬ ውስጥ አለ። ስልኬ የሚያውቀውን እኔ ለምን ሸምድጄ እይዛለሁ?» አለችኝ። ከልቧ ነበር የጠየቀችው። ያን ዕለት አንድ ነገር ብዬ ሸኘኋት፤ ሌሊቱን ግን ጥያቄዋ ብዙ ዘመን ያስቆጠረ ቁጭት ቀስቅሶብኝ እንቅልፍ አጥቼ አደርኩ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ለዚያ ነው።

ዕድሜዬን የጨረስኩት በሜትሮሎጂ ሥራ ነው። በወጣትነቴ የተመደብኩት ኮምቦልቻ ነበር። ሰማዩን በስምንት ከፍሎ ምን ያህሉ በደመና እንደተሸፈነ መመዝገብ፣ የዝናብ መለኪያው ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃ በሚሊ ሜትር ማንበብ፣ የፀሐይ ብርሃን መመዝገቢያዋን ካርድ መቀየር የዕለት ሥራዬ ነበር። ይህች መመዝገቢያ የብርጭቆ ኳስ ናት። ፀሐይ ስትወጣ ጨረሩን ሰብስባ ከጀርባዋ የተቀመጠውን ካርድ በቀጭኑ ታቃጥለዋለች፤ ደመና ሲመጣ ቃጠሎው ይቋረጣል። ማታ ካርዱን አውጥቶ ያየ ሰው ቀኑ እንዴት እንደዋለ ከተቃጠለው መስመር ያነባል። የአንድ ቀን ታሪክ በአንድ መዳፍ ላይ ተጽፎ ሳየው እስከ ጡረታዬ ድረስ ይገርመኝ ነበር።

ደሴ ተማሪ ሳለሁ ደግሞ በግቢያቸው ተከራይቼ የኖርኩባቸው አንድ ሼህ ነበሩ። ትውልዳቸው ቦሩ ሜዳ ነው። የረመዳን ጨረቃ መታየት አለመታየቷ ሲያጠያይቅ ሰፈሩ የሚያምነው የእርሳቸውን ዓይን ነበር። የክርስቲያን ልጅ በመሆኔ በጾም ወራት ሽሮው ለብቻ ይሠራልኝ ነበር። ሥራ ይዤ ኮምቦልቻ ከወረድኩ በኋላም እሁድ እሁድ በአውቶቡስ የሃረጎን ዳገት እየወጣሁ ቡናቸውን እጠጣለሁ። በ1978 ዓ.ም. አንድ እሁድ «የሃሌ ጅራታም ኮከብ ሊመጣ ነው» ብዬ ከሬዲዮ የሰማሁትን ስነግራቸው ሲኒያቸውን አስቀመጡና «ተመለሰ?» አሉኝ።

ለካ አይተውታል። በ1902 ዓ.ም. ግንቦት ከብት ጠባቂ ልጅ ነበሩ። መጀመሪያ ሊነጋጋ ሲል በምሥራቅ በኩል ያዩታል፤ ከዚያ ለጥቂት ቀናት ይጠፋና ማታ በምዕራብ በኩል ይወጣል። የአጼ ምኒልክ ሕመም የጸናበት ጊዜ ስለነበር ትልልቆቹ ከዚያ ጋር እያያዙ በሹክሹክታ ያወሩ ነበር አሉኝ። (ከስድስት ዓመት በኋላ ንጉሥ ሚካኤል ሠራዊታቸውን ይዘው ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ወደተሸነፉበት ወደ ሰገሌ ሲወጡም አይተዋል። የሄደውን ሰው ብዛትና የተመለሰውን ሲያወሩ ድምፃቸው ይቀየር ነበር። ይህን ሌላ ጊዜ ለብቻው እጽፈዋለሁ።)

እንግሊዛዊው ኤድመንድ ሃሌ በ1531፣ በ1607 እና በ1682 እ.ኤ.አ. የታዩት ሦስት ጅራታም ከዋክብት አንድ ናቸው ብሎ አስቦ፣ በ1758 እንደሚመለስ ተናገረ። እርሱ በ1742 ሞተ፤ ኮከቡ በተባለው ዓመት፣ በአውሮፓውያን የገና ዕለት ታየ። ይህን ለሼሁ ስተርክላቸው «የማያየውን ነገር ቆጥሮ ለልጅ ልጅ የሚተው ሰው አላህ ይማረው» አሉ። እርሳቸው ግን ሁለቴ የማየት ዕድል ያገኙ ጥቂት ሰዎች ውስጥ ሊገቡ ነበር። መጋቢት ሲገባ ሌሊት ቦሩ ሜዳ ሄደን፣ ከከተማው መብራት ርቀን ልናየው ተቀጣጠርን።

መጋቢት ሲገባ የመጣው ደመና ነው። መዝገቤ ላይ ከስምንት ሰባት፣ ከስምንት ስምንት፣ እንደገና ከስምንት ስምንት። የብርጭቆ ኳሷ ካርዱን ሳትነካው የምትውልባቸው ቀናት ነበሩ። እናንተ ያን ጊዜ አልተወለዳችሁም፤ የሰባ ሰባትን ድርቅ ያለፈ ሰው የበልግ ደመና ሲያይ ምን እንደሚሰማው ልነግራችሁ አልችልም። ከዚያ ሁሉ ረሃብና ቀብር በኋላ በወሎ ምድር ላይ ቆሞ «ሰማዩ ይጥራ» ብሎ የሚመኝ አንደበት አልነበረም። እኔ ኮከቡን ብዬ ሳንገራግር ሼሁ ተቆጡኝ። «ዝናቡ ይምጣ፤ ኮከቡን እኔ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ» አሉ።

መጋቢት ሊያልቅ ሲል፣ በሌሊት ተረኛነቴ፣ ከንጋቱ በፊት ለምልከታ ስወጣ በስተደቡብ በኩል ደመናው ተቀዶ አየሁት። ከኮረብታዎቹ በላይ የቆመ የደበዘዘ ብርሃን ነው፤ ጭራው አጭር። እውነቱን ለመናገር የዚያን ጊዜው መገለጥ ከቀደሙት ሁሉ ደካማ ከሚባሉት አንዱ ነበር። ግን ልቤ ሊወጣ ደረሰ። በእኔና በሼሁ መካከል የሃረጎ ዳገት አለ፣ ስልክ የለ፣ በሌሊት መኪና የለ። ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይቆይ ደመናው ተገጣጠመ።

እሁድ ሄጄ ስነግራቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ጭራው ወዴት ዞሮ ነበር?» ወደ ምዕራብ አልኳቸው። «አዎ፤ ጠዋት ወደ ምዕራብ ነው፤ ማታ ሲወጣ ደግሞ ወደ ምሥራቅ። ሁልጊዜ ጀርባውን ለፀሐይ ይሰጣል» አሉ። ከብት ሲጠብቁ በዓይናቸው ያዩት ነው። ከዚያ በመካከላችን የሚጨሰውን የእጣን ጭስ በእጃቸው እፍ እንደማለት አድርገው አጋደሉትና «ታዲያ ምን ነፋስ ነው የሚገፋው?» አሉኝ። ጀርመናዊው ሉድቪግ ቢርማን በ1951 እ.ኤ.አ. ከፀሐይ ያለማቋረጥ የሚነፍስ ነገር መኖር አለበት ብሎ የደረሰበት ይህንኑ ጭራ በማጥናት ነበር። ያኔ ይህን ባውቅ እንዴት ደስ ባላቸው!

በረካው ሲቀዳ ሌላ ነገር ጨመሩ። «እኔ ያየሁት ትንሹ ነው። አባቴ ያየው ከፀሐይ አጠገብ ሆኖ በጠራራ ቀን የሚታይ ነበር ይል ነበር።» ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። የጅራታም ኮከብ ነገር በቀን እንዴት ይታያል? ወሬው ወደ ሌላ ሄደ። በዚያው ክረምት ሼሁ አረፉ።

ብዙ ዓመታት አልፈው፣ አንድ የሥነ ፈለክ መጽሐፍ ሳገላብጥ በመስከረም 1882 እ.ኤ.አ. ስለታየው ታላቁ ጅራታም ኮከብ አነበብኩ። ከፀሐይ ገጽ ግማሽ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ታክኮ ያለፈ፣ ፀሐይን በእጅ ጋርዶ በቀን ሊታይ የቻለ፣ እምብርቱ ተሰነጣጥቆ የሄደ ኮከብ ነው። በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን ዴቪድ ጊል ፎቶግራፍ አነሳው፤ ከጀርባው የወጡት የከዋክብት ብዛት አስደንቆት ሰማይን በፎቶግራፍ የመመዝገብ ሥራ ጀመረ። በእኛ አቆጣጠር 1875 ዓ.ም. በገባበት ወር፣ ክረምቱ ወጥቶ የወሎ ሰማይ በሚጠራበት ሰሞን ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የደሴን ታሪክ ሳነብ፣ አጼ ዮሐንስ አራተኛ በዚህ አካባቢ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው፣ በምልክትነቱ ተደስተው ከተማዋን እንደቆረቆሩ የሚነገረውን አገኘሁ። ዓመቱ ያው 1882 እ.ኤ.አ.።

መጽሐፉን አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። የሼሁ አባት የቦሩ ሜዳ ሰው ነበሩ። በ1870 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የቦሩ ሜዳን የሃይማኖት ጉባኤ ያካሄዱት በዚያ ነው፤ ከጉባኤው በኋላ በወሎ ሙስሊሞች ላይ ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ የወረደው ጫና የታወቀ ነው። እንግዲህ ያን ኮከብ ንጉሡም አዩት፣ እምነቱን ሊነጥቁት የመጡበት ገበሬም አየው። ንጉሡ ምን እንደተሰማቸው ተጽፏል። ገበሬው ምን ተሰማው? የማን ምልክት ነው አለ? ለልጁስ ምን ብሎ ነገረው? መልሱን የሚያውቁ ሰው ፊት ለፊቴ ቡና ሲጠጡ ነበር፤ አፋቸው ላይም መጥቶ ነበር። ያን ጥያቄ ለመጠየቅ አንድ ነገር ከሥነ ፈለክ፣ አንድ ነገር ከታሪክ ማወቅ ያስፈልግ ነበር። እኔን ያስተማሩኝ የደመና ዓይነቶችን ነው፤ ሁለቱ ዕውቀቶች እኔ ዘንድ ሲደርሱ ሼሁ ከመሬት በታች ናቸው።

ለልጅቷ መመለስ የነበረብኝ ይህንን ነው። ስልክሽ መልስ ያውቃል፤ አጠገብሽ ያለውን ሰው ምን መጠየቅ እንዳለብሽ ግን አንቺ ማወቅ አለብሽ፤ ያም ሰውየው በሕይወት ሳለ።

ሽምደዳ አልወድም። ያችው ልጅ ቅኝቶቹን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ብላ ጠራችልኝ፤ አንዱን ከአንዱ በጆሮሽ ትለያለሽ ወይ ስላት አትለይም። የባቲን የሰኞ ገበያ ሄዳ አይታዋለች፤ የአምባሰልን ተራራ ከመኪና መስኮት ታየዋለች። ስማቸው በቅኝት ስም ዓለም የዞረ ሁለት ቦታዎች ደጇ ላይ እያሉ ዜማው ለጆሮዋ እንግዳ መሆኑ ያሳዝነኛል። የዛሬ ልጆች ብዙ ትሰማላችሁ፤ ቁጭ ብላችሁ የምታደምጡት ግን ጥቂት ነው። ይህን ስል እኛ ከእናንተ የተሻልን ነበርን ማለቴ አይደለም። እኛ የመምህራችንን ጥያቄ እንመልስ ነበር እንጂ «ለምን እሸመድዳለሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ከመካከላችን አልወጣም።

ወንዞቻችሁን ግን ሸምድዱ። በዚህ ላይ አልደራደርም። ኮምቦልቻ ላይ የለካኋት ጠብታ ወደ ቦርከና፣ ከቦርከና ወደ አዋሽ ትሄዳለች፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ አፋር በረሃ ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ከደሴ በስተምዕራብ ያለችው በበሽሎ በኩል አባይ ገብታ ሜዲትራኒያን ትደርሳለች። ሁለቱ ጠብታዎች ከአንድ ደመና ሊወርዱ ይችላሉ። የተቀመጣችሁበት ደጋ ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ስንጥቅ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ስምጥ ሸለቆው ሲከፈት ነው ውኃው በሁለት በኩል የተለያየው። ይህን በልቡ የያዘ ልጅ የሃረጎን ዳገት በወጣ ቁጥር አንድ ነገር ያስባል፤ ስልኩን አውጥቶ አይፈልግም፤ መኖሩን ካላወቀ ምኑን ይፈልጋል?

ሌላም ትዝ አለኝ። በዚያው በ1978 ዓ.ም.፣ መጋቢት 5 ሌሊት፣ ጆቶ የተባለች የአውሮፓ መንኮራኩር ከሃሌ ኮከብ እምብርት 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ አለፈች። ስሟ የጣሊያናዊው ሠዓሊ የጆቶ ነው። እርሱ በ1301 እ.ኤ.አ. ኮከቡ ከታየ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የቤተልሔምን ኮከብ ጭራ ሰጥቶ ሥሎታል። መሐንዲሶቹ ሥዕል የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። እኛ አገር ተማሪውን ገና በልጅነቱ «አንተ የቁጥር ነህ፣ አንቺ የታሪክ ነሽ» ብለን ስንከፍል ይህን እያሰብኩ እበሳጫለሁ።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ቀለበታማው የፀሐይ ግርዶሽ በላሊበላ ሲታይ ብዙዎቻችሁ ልጆች ነበራችሁ። ያን ጠዋት አያታችሁ ምን አሉ? ከብቶቹ ምን አደረጉ? አሁኑኑ ጠይቁና ከነቀኑ በደብተር ጻፉት። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ግርዶሽ አለ፤ ሙሉው በግብፅ፣ በሳዑዲና በየመን በኩል ያልፋል፤ በእኛ ከፊሉ ይታያል። ዓይናችሁን መከለያ ሳታደርጉ ፀሐይን ቀና ብላችሁ እንዳታዩ።

የሃሌ ኮከብ በ2053 ዓ.ም. ይመለሳል፤ ለፀሐይ የሚቀርበው በሐምሌ 21 ገደማ ነው። ከ1978ቱ እጅግ የተሻለ እንደሚታይ ስሌቱ ያሳያል። ችግሩ ወሩ ነው፤ ሐምሌ በደሴ ሰማዩ ከስምንት ስምንት የሚሞላበት ወር ነው። ስለዚህ ደጋው ላይ ሆናችሁ አትጠብቁት። ከሳምንታት በፊት ጀምራችሁ ተዘጋጁ፤ ባቲን አልፋችሁ ወደ ሚሌ ውረዱ፤ በዚያ በኩል ደመናው ከደጋው ይሳሳል። ልጆቻችሁንም ይዛችኋቸው ሂዱ።

በጤና ያቆያችሁ።

ጡረታ የወጣ የሜትሮሎጂ ባለሙያ፣ ደሴ