ላምባ ያልበገረው ምስጥ

ከጅማ፣ ጅሬን የጻፉልን እናት የጭቃ ቤታቸውን የበር መቃን ምስጥ እየጨረሰባቸው ነው። ላምባ አፍስሰዋል፣ የተቃጠለ ዘይትም ቀብተዋል። ለጥቂት ጊዜ ይጠፋና ይመለሳል። “መቃኑን ልቀይረው?” ብለው ጠይቀዋል።

እናቴ፣ አሁን አይቀይሩት፤ አዲሱንም ይበላዋል። እንጨቱ ላይ የሚያዩት ሠራተኛውን ነው። ንግሥቲቱ ያለችው መሬት ውስጥ ነው፤ ላምባው እዚያ አይደርስም። የተቃጠለውን ዘይት ደግሞ ይተዉት፤ ለሚተነፍሱት አየርም ለአፈሩም መርዝ ነው።

ምስጥ ገላው ቶሎ ስለሚደርቅ በጭቃ በተሸፈነ መተላለፊያ ነው የሚመላለሰው። ግድግዳው ሥር እርሳስ የሚያክል የጭቃ መስመር ይፈልጉና መሃሉን ትንሽ ይስበሩት። ነጫጭ ነፍሳት ከተርመሰመሱ፣ ወይም በቀናት ውስጥ ስብራቱ በእርጥብ አፈር ከተደፈነ፣ አሁንም እየሠራበት ነው። መቃኑንም በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ ያድርጉት። ባዶ ድምፅ ያለበት ቦታ ውስጡ አልቋል። የሚረግፈው እንደ ዱቄት የላመ፣ ቀዳዳውም የመርፌ ጫፍ የሚያክል ከሆነ ግን ነቀዝ ነውና መልሰው ይጻፉልኝ።

ጅማ ላይ ዝናቡ ረጅም ነው። ቋሚው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባህር ዛፍ ነው፣ ያውም አፈር ውስጥ የተተከለ። ስለዚህ መጀመሪያ እርጥበቱን ይቀንሱ። አሸንዳ ያስገጥሙ፤ ግድግዳውን ተደግፎ የተከመረውን ፍልጥ ያንሱ።

መድኃኒቱ የሚገባው አፈሩ ውስጥ ነው። ግድግዳውን ተከትሎ ስንዝር ያህል ቦይ ይቆፈራል። ለምስጥ የተፈቀደ መድኃኒት ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ ተበጥብጦ ይፈስበታል፤ የሚመለሰው አፈርም አብሮ ይርሳል። እኔ ፊፕሮኒል የሚባለው ንጥረ ነገር ያለበትን እመርጣለሁ። ምስጡ አይሸሸውም፤ ተሸክሞት ገብቶ ለሌሎቹ ያዳርሰዋል። ውጤቱ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፣ ይታገሡት። በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጥ ስም የለሽ መድኃኒት ግን በፍጹም አይግዙ፤ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ግቢዎ ውስጥ የውሃ ጉድጓድ ካለ ደግሞ ባለሙያ ሳያይ ምንም አያፍስሱ።

የተሰበረውን መስመር ምስጡ ሳይጠግነው አንድ ክረምት ካለፈ መቃኑን ይቀይሩ። አቅም ከፈቀደ የሐበሻ ጥድ ይሁን። እግሩ ግን በድንጋይና በሲሚንቶ ላይ ይቁም፤ አፈር አይንካው።