«ሐበሻ ይመስላሉ» ያልኩ ዕለት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ነሽ እህታችን? የምኖረው ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ነው። ዘንድሮ ተመርቄ ሥራ ፍለጋ ላይ ነኝ። ከሰፈር ልጆች ጋር አዌቱ ወንዝን ማጽዳት ከጀመርን ሁለት ዓመታችን ነው። አሁን ለስድስት ወር ሩዋንዳ፣ ኪጋሊ ሄጄ በበጎ ፈቃድ እንድሠራ ተቀብለውኛል። እናቴ ግን «ደመወዝ ከሌለው ሰው አገር ድረስ ምን አስኬደሽ? ቆሻሻ መጥረግ ከሆነ እዚሁ ሞልቶልሽ የለ?» ትላለች። አንቺም ከጅማ ተነሥተሽ እዚያው ሄደሽ እንደነበር ሰምቻለሁ። ባህሉ ይከብዳል? ምን ይዤ ልሂድ?
ሐ. ከጅማ

መልስ፦ ሐ.፣ እናትሽና እናቴ ተማክረው መሆን አለበት። የኔዋም ቃል በቃል እንዲሁ ነበር ያለችኝ።

የገንዘቡን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። እኔ በሄድኩበት መኝታና ምግብ ችለውኛል፤ ለታክሲና ለስልክ ካርድ የምትሆን ትንሽ ነገርም ይሰጡኝ ነበር። የተረፈች ብር የለችም። ውሉን ግን በጽሑፍ ተቀበዪ። ማን ቤት እንደምታድሪ፣ ብትታመሚ ማን እንደሚያሳክምሽ፣ የመመለሻ ትኬቱን ማን እንደሚቆርጥ ይጻፍ። «እዚያ ስትደርሺ እንነጋገራለን» ካሉሽ አትሂጂ።

ወደ ባህሉ ልምጣ። እኔን የተለየው ነገር አልከበደኝም። ጉድ የሠራኝ የሚመሳሰለው ነው።

አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲል በመስኮት ሳይ ኮረብታው፣ ሙዙ፣ ቀዩ አፈር የሰቃን መንገድ ነው የሚመስለው። ሰዓት አቆጣጠራቸውም እንደኛ ነው። እኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት የምንለውን እነሱ «ሳ ምቢሪ» ይሉታል፤ ምቢሪ ሁለት ማለት ነው። ዕቃ ሲያቀብሉሽ ግራ እጃቸውን ቀኝ ክንዳቸው ላይ ጣል ያደርጋሉ፤ ልክ እንደ አያቶቻችን። ገበያ ስወጣ ባለሱቁ ሁሉ በአገሩ ቋንቋ፣ በኪንያርዋንዳ ነው የሚያዋራኝ። ቤቴ የገባሁ መሰለኝ።

ኤርፖርት ላይ ግን ተዋርጃለሁ። ሩዋንዳ ፌስታል ከከለከለች ቆይታለች፤ በእነሱ አቆጣጠር ከ2008 ጀምሮ ነው። ጅማ ላይ «ፌስታል አዌቱን ገደለው» እያልኩ ስጮህ የከረምኩ አክቲቪስት (ያኔ ቃሉ እንዳሁኑ አያስፈራም ነበር) ሻንጣዬ ሲከፈት ስድስት ፌስታል ወጣ። በርበሬው በፌስታል። ሽሮው በፌስታል። ጥሬ ቡናው በፌስታል። ፈታሿ ልጅ ምንም አላለችኝም። አንድ በአንድ እየፈታች ወደ ወረቀት ከረጢት ገለበጠችልኝ። በርበሬው ላይ ስትደርስ ሦስት ጊዜ አስነጠሳት።

ያረፍኩት በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ቤት ነው። የቡና ገበሬ ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው ቡና ለቅመዋል፣ ከአባታቸው ጋር ተሸክመው አስረክበዋል፤ ቆልተው ግን አያውቁም። አገሩ ቡናውን ይሸጥና ራሱ ሻይ በወተት ይጠጣል። ለጅማ ልጅ ይሄን ማመን ከባድ ነው። በመጀመሪያው እሑድ ቡና አፈላሁ። ጭሱ ሲወጣ ጎረቤት እየሮጠ መጣ፣ ቤት የሚቃጠል መስሎት። አቦሉን በወተትና በሦስት ማንኪያ ስኳር ጠጡና «ሙራኮዜ» ብለው አመስግነው ተነሡ። ቶናውም በረካውም ከኔ ጋር ቀረ። ተቀይሜ አደርኩ። በረካ የሚባል ነገር እንዳለ ማን ነግሯቸው!

ከዚያ ነው ያቺ ቃል ያመለጠችኝ። አንድ ማታ እራት ላይ ጨዋታው ደርቷል። የማወራው በእንግሊዝኛ ነው፤ ወንድ ልጃቸው ይተረጉምልናል። «እርስዎ እኮ ቁርጥ ሐበሻ ይመስላሉ! መቼም ዘርዎ ከኢትዮጵያ ነው» አልኳቸው። ለኔ ሙገሳ ነው። ልጁ አልተረጎመውም። ሹካውን አስቀመጠ። እሳቸው ግን «ኢትዮጵያ» የምትለዋን ሰምተዋል። «ንታ ኪባዞ» አሉ፤ ችግር የለም ማለት ነው። ሳህን ሰብስበው ወደ ጓዳ ገቡ። የኔንም ሳህን ወሰዱት፤ ገና ግማሽ ሙዝ ነበረበት።

በማግስቱ ልጁ መንገድ ላይ ነገረኝ። በእነሱ አቆጣጠር በ1992 ሊዮን ሙጌሴራ የሚባል ፖለቲከኛ ሕዝብ ሰብስቦ ከአገሪቱ ብሔሮች አንዱ ስለሆኑት ስለ ቱትሲዎች ተናግሯል። አገራቸው ኢትዮጵያ ነው፣ በኒያባሮንጎ ወንዝ በኩል በአቋራጭ እንልካቸዋለን ነበር ያለው። በ1994 በ100 ቀን ውስጥ ከተጨፈጨፈው ሕዝብ የብዙዎቹ አስከሬን በወንዝ ወረደ። ሰውዬው ከካናዳ ተላልፎ ተሰጥቶ በ2016 ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል። ያገሬ ስም እዚያ ቤት ከምን ጋር እንደሚነሣ አላውቅም ነበር። እኔ ደግሞ የሄድኩት ወንዝ ዳር ችግኝ ልተክል ነው።

ሴትዮዋ ማን እንደሞተባቸው አልጠየቅኩም። ዘርን የሚነካ ጥያቄ እዚያ አይጠየቅም። ከ1994 ወዲህ መታወቂያቸው ላይም ብሔር የሚል መስመር የለም። እኛ ከስም ቀጥሎ «አገርሽ የት ነው?» የምንል ሰዎች መሆናችንን አስቢው። የይቅርታውን ቃል በኪንያርዋንዳ አጥንቼ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ስለ ወተት ዋጋ ማውራት ቀጠሉ።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ አንድ እሑድ መቁያዬን ራሳቸው ከመደርደሪያ አውርደው ሰጡኝ። በረካው ድረስ ተቀመጡ። ሦስት ማንኪያ ስኳሩን ግን አልተዉም።

እና ሐ.፣ እስክትለምጂ ድረስ «ልክ እንደኛ» የምትለዋን ነገር ዋጥ አድርጊያት። መንገድ ላይ እየበላሽ አትሂጂ፣ ነውር ነው፤ ቆሎም ቢሆን። በርበሬሽን በጨርቅ ቋጥሪ። ጀበናሽን በልብስ ጠቅልለሽ በእጅሽ ያዢ። የኔዋ አንገቷ ተሰብሮ ደርሳ ስድስት ወር ሙሉ ቡና ያፈላሁት በድስት ነው።

ጥያቄ፦ ስንቱ ውጭ ደርሶ ሲመጣ ወሬ ብቻ ነው። አንቺስ ከተመለስሽ በኋላ ለአዌቱ ምን ጠብ ያለ ነገር አደረግሽ?
ታዛቢ፣ ከሂርማታ

መልስ፦ እውነትዎን ነው፣ መጀመሪያ የኔም ወሬ ብቻ ነበር። ሩዋንዳ ውስጥ ኡሙጋንዳ የሚባል አለ። በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት ከ18 እስከ 65 ዓመት ያለ ሰው ሁሉ ለሰፈር ሥራ ይወጣል። ሱቅ ይዘጋል፣ ቦይ ይጠረጋል። ሲያበቃ ሣር ላይ ቁጭ ብለው ስለ ሰፈራቸው ይነጋገራሉ። እኔም እንደመጣሁ «ኡሙጋንዳ በጅማ» ብዬ በቴሌግራም ለቀቅኩት። አራት ሰው መጣ። አንዱ ወንድሜ ነው፤ አንዱ ደግሞ «አበል አለው?» ብሎ ጠየቀኝ። እዚያ እኮ ሕግ ነው፤ የቀረ ሰው እስከ 5,000 ፍራንክ ሊቀጣ ይችላል። እኔ ማንን እቀጣለሁ?

የሰፈራችን የእድር ዳኛ ናቸው ያዳኑኝ። «ልጄ፣ ኡሙ ምንሽ? ደቦ በዪው። ደቦ ሰው ያውቃል። ግን ምግብ የሌለው ደቦ የለም» አሉኝ። በእድር አስነገርን፣ ንፍሮ ቀቀልን፣ ቡና አፈላን። ባለፈው ሃያ ሦስት ነበርን።

ወንዙ ጸዳ ወይ? አልጸዳም። ዝናብ በጣለ ቁጥር የላይኛው ሰፈር ፌስታል ታጥቦ እኛ ጋ ይወርዳል። በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ድልድዩ ሥር ነን። ቦቲ ጫማ ያጥረናል፤ ካለዎት ይዘው ይምጡ።